ለኮተን ዶራ የአበባ ጉንጉን

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ስልኬ በእንኳን ደስ አለህ መልእክት ተጨናንቋል። ከታች ፎቅ እልልታ ይሰማል። እኔም ደስ ብሎኛል። ለቦንድ ከደመወዜ ሲቆረጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የድርሻዬን መደሰት መብቴ ነው። በዚያ ሁሉ ሆታ መሃል ግን አንድ ሽማግሌ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ሕንዳዊ ናቸው። በባዶ እግራቸው፣ ነጭ ሽርጥ አገልድመው፣ ብርቱካናማ የአበባ ጉንጉን ታቅፈው አንድ ሐውልት ሥር ቆመዋል። ሐውልቱ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ኮተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው። እጃቸው ስላልደረሰ አንድ ልጅ በመሰላል ወጥቶ ጉንጉኑን አጠለቀላቸው። እሳቸው ታች ሆነው መዳፎቻቸውን ገጥመው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ጠዋት ያየሁትን ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። አንዱ ይስቃል፣ ሌላው "የባርነት መንፈስ ነው" ይላል። እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ካልኩ በኋላ ግን አላረፍኩም።

## አባይን ያላየ

ያኔ ቪሻካፓትናም፣ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። እዚያ የሐበሻ ተማሪ ብዙ ነው። ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ የሚያመጣ አይጠፋም፤ ሰው ከፈለገ ሕንድን ሳያያት ተመርቆ ሊመለስ ይችላል። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነበር። ግንቦት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንድ የክፍል ጓደኛዬ "አገሬ ልውሰድህና ወንዝ እይ" አለኝ።

ወንዝ! ለኢትዮጵያዊ! ሳቅ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። አባይን ያየሁት አንድ ጊዜ፣ በረሃውን ስንወርድ በአውቶቡስ መስኮት ነው። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። እኔ ደግሞ አባይን በወሬ አውቄ የሰው ወንዝ ልንቅ ተነሳሁ።

ራጃሙንድሪ በባቡር ሦስት አራት ሰዓት ቢሆን ነው። ከጣቢያው ባጃጅ ያዝን (እነሱ ባጃጅ አይሉትም፣ አውቶ ነው የሚሉት፤ ስሙን ያወጣንለት እኛ ሳንሆን አንቀርም)። ከከተማው ወረድ ብሎ ዶውሌሽዋራም ይባላል። እዚያ ጎዳቫሪን አየሁት። ግንቦት ስለሆነ ውሃው ቀጭን ነው፤ አብዛኛው አሸዋና ደሴት ነው። ስፋቱ ግን ከነደሴቶቹ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማዶ ያሉት ዛፎች እንደ ጭረት ይታያሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝም አልኩ። ጓደኛዬ ዝም ማለቴን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

ጎዳቫሪ የሚነሳው ከምዕራብ፣ ከናሺክ አጠገብ ነው። እዚያ የአረብ ባሕር 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። እሱ ግን ቅርቡን ባሕር ትቶ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ 1,465 ኪሎ ሜትር አቆራርጦ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ለሁለት ተከፍሎ ሰፊ ለም ሜዳ ይሠራል። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ሸንኮራ። የጓደኛዬ ሰዎች ገበሬዎች ናቸው።

## የሩዝ ፍሬ የሚለቅሙ ሰው

ግቢው ስንገባ ሴቶቹ አቫካያ እየሠሩ ነበር። ጥሬ ማንጎ ከነፍሬው በትልቅ ቢላዋ ይቆርጣሉ። በሰናፍጭ ዱቄት፣ በበርበሬ፣ በጨውና በሰሊጥ ዘይት ያሹታል፤ ከዚያ ማሰሮ ውስጥ ከትተው አፉን በጨርቅ ያስራሉ። ለዓመት የሚሆን ነው። በርበሬው ገና ከበሩ አስነጠሰኝ። እናቴ ግቢ የገባሁ መሰለኝ።

አያቱን ሁሉም "ታታጋሩ" ይሏቸዋል። ታታ አያት ማለት ነው። "ጋሩ" ደግሞ የአንቱታ ቅጥያ ናት፤ ያለሷ ትልቅ ሰው አይጠራም። አንቱታ ያለው ቋንቋ ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኛል። ምሳ ላይ በሙዝ ቅጠል ሩዝ ቀረበ። ታታጋሩ በልተው ሲጨርሱ ከቅጠሉ ወጥተው ምንጣፉ ላይ የወደቁ አራት አምስት የሩዝ ፍሬዎች አዩ። አንድ በአንድ ለቅመው በሏቸው። ማንም አላስተዋለም። እኔ ግን ክው አልኩ።

አባቴ ልክ እንዲህ ያደርጋል። የወሎ ሰው ነው። በ77 ከቤታቸው ከሰባት ልጆች ሁለቱ ናቸው የተረፉት። ስለዚያ ዘመን አያወራም። መሶብ ሲነሳ ግን የእንጀራ ፍርፋሪ በጣቱ እየጫነ ያነሳል። ልጅ ሆኜ በሰው ፊት ሲያደርገው አፍር ነበር።

"ረሃብ አይተው ያውቃሉ?" ብዬ በጓደኛዬ አስጠየቅኳቸው።

"እኔ አላየሁም። አባቴም አላየም። ፍሬ መልቀሙን ግን ከሱ ነው የወረስኩት" አሉ። ከዚያ ስለ ናንዳና ነገሩኝ።

የቴሉጉ ሰዎች (የአገሩ ቋንቋ ቴሉጉ ነው) ዓመትን በስም ይጠራሉ። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እንደምንለው ነው፤ የእነሱ ግን 60 ስም አለው፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1832 ወደ 1833 የተሻገረው ዓመት ስሙ ናንዳና ነበር። "ትርጉሙ ደስ የሚያሰኝ ማለት ነው" አለኝ ጓደኛዬ፣ ትንሽ አፍሮ። በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። በጎረቤቱ በጉንቱር ብቻ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ ይነገራል። እኛ "ክፉ ቀን" እንደምንለው ሁሉ እነሱም ዓመቱን የሚያስታውሱት በረሃቡ ነው። ሰው ሳያገግም በ1839 ኅዳር ከባሕር የተነሳ ማዕበል በወንዙ አፍ ላይ የነበረውን የኮሪንጋን ወደብ ጠራርጎ ወሰደው። አገሩን የሚገዛው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር። በዚህ ሁሉ መሃል ግብር አልቀረም።

## ወንዝ መጥለፍ

የሚያናድደው፣ ጎዳቫሪ አልደረቀም ነበር። በክረምት ሞልቶ፣ ማሳ ጠርጎ፣ ባሕር ይገባል። ክረምቱ ሲያልፍ ከዳርቻው ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ገበሬው ውሃውን በዓይኑ እያየ እርሻው ይደርቃል። የጎደለው ጥቂት ክንድ ከፍታ ነው።

አርተር ኮተን የሚባለው የማድራስ መሐንዲስ መኮንን ያያት ያቺን ጥቂት ክንድ ነው። ውሃውን ሁሉ ገድቦ ማጠራቀም አላሰበም። ከዳር እስከ ዳር 12 ጫማ ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ብቻ። ውሃው ከግንቡ ጀርባ ከፍ ይልና በግራ በቀኝ በተቆፈሩ ቦዮች በራሱ ቁልቁል ወደ ማሳ ይሄዳል። የተረፈው በግንቡ አናት ፈሶ መንገዱን ይቀጥላል። የእኛ የግብርና ባለሙያዎች "የወንዝ ጠለፋ" የሚሉት ነው። ጠለፋ የሚለው ቃል ደስ የሚለኝ ለወንዝ ሲሆን ብቻ ነው።

ቦታ ሲመርጥ ወንዙ የሰፋበትን መረጠ። መጀመሪያ ስሰማው ሞኝነት መሰለኝ። ግን ሰፊ ቦታ ላይ የውሃው ጉልበት ይሳሳል፤ ደሴቶቹም ግንቡን ለአራት ይከፍሉታል። ድንጋዩ እዚያው ካለ ኮረብታ ይፈነቀላል። ሥራው በ1847 ተጀመረ፣ በ1852 አለቀ። ዛሬ የሚታየው ባለ 175 በር ግድብ በ1970ዎቹ ተጀምሮ በ1982 ያለቀ ሌላ ነው፤ ስሙ ግን አሁንም የኮተን ነው።

አሸዋ ላይ ግንብ እንዴት ይቆማል? ይህን ኮተን ከእንግሊዝ አላመጣውም። ወደ ደቡብ፣ ካቬሪ ወንዝ ላይ ካላናይ የሚባል የድንጋይ ግድብ አለ። የቾላ ንጉሥ ካሪካላ እንደሠራው ይነገራል፤ ዕድሜው ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይጠጋል። ኮተን ወጣት ሳለ የሠራው እዚያ ነው። ጥልቀቱ በማይታወቅ ልቅ አሸዋ ላይ መሠረት መጣልን ከአገሬው እንደተማሩ ራሱ ጽፏል። እንግሊዞቹ ለእንዲህ ያለ ግንብ የሚጠቀሙበት ቃል እንኳ ከደቡቡ ቋንቋ፣ ከታሚል የተወሰደ ነው።

ግንቡ ሲቆም አገሩ ተለወጠ። ቦዮቹ ለመስኖ ብቻ አልነበሩም፤ ጀልባ ይሄድባቸዋል። ሩዙ በጀልባ ወደ ካኪናዳ ወደብ ይወርዳል። ከላይ ከጫካው የተቆረጠ ግንድ በወንዙ ተንሳፎ ራጃሙንድሪ ይደርሳል። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ጎዳቫሪ ማደሪያ አገኘ፣ ግንዱም ተሸጠ። ከ1876 እስከ 1878 በደቡብ ሕንድ ሚሊዮኖች በረሃብ ሲያልቁ ይህ ሜዳ ሩዝ ያበቅል ነበር።

ኩባንያው ለነፍሱ ብሎ እንዳልሠራው ግልጽ ነው። ሰው ሲያልቅ ግብር ይቀንሳል፤ ውሃ ሲመጣ ግብር ይጨምራል። የከሰረም አለ። ፑላሳ የሚባል ዓሣ በክረምት ከባሕር ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። እዚያ አገር "የጋብቻ ጌጥህን ሸጠህም ቢሆን ፑላሳ ብላ" ይባላል። ግንቡ መንገዱን ዘጋበት። ታታጋሩ ስለ ፑላሳ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። "ሐምሌ ላይ ነበር መምጣት" አሉኝ፣ እንደ ጥፋት።

## ጠዋት ላይ

ግንቦት 15 በፈረንጅ የኮተን ልደት ነው። የተወለደው በ1803 ነው። ገና ሳይነጋ ታታጋሩ ገላቸውን ታጥበው ቀሰቀሱን። ሐውልቱ ዘንድ ገበሬዎች ተሰብስበዋል፤ የእጣን ስንጥር ይጨሳል፣ ኮኮናት ይፈነከታል። "ካተን ዶራ" ይሉታል። ዶራ ጌታ ማለት ነው። ከዚያ ያ መሰላል፣ ያ ጉንጉን።

ስንመለስ አላስቻለኝም። "እንግሊዝ እኮ ገዝቷችሁ ነበር" አልኳቸው። "እኛ አገር ለጣሊያን ጄኔራል አበባ የሚያኖር ቢገኝ ሰው ይወግረዋል።" ጓደኛዬ ሲተረጉም ትንሽ አለሳልሶታል ብዬ እገምታለሁ። ስለ አድዋም ጨመርኩ። እዚያ አገር ስለ አድዋ ያልነገርኩት ሰው የለም።

ታታጋሩ አልተቆጡም። የሄድንበት መንገድ በቦይ ዳር ነው። በዚያ ወር ቦዩን ለጥገና ስለሚዘጉት ደርቋል፤ ልጆች ውስጡ ክሪኬት ይጫወታሉ። ቆም ብለው ልጆቹን አዩ።

"አገርህ ወንዝ አለ?"

"አለ። ትልቅ ነው።"

"ማን ገራው?"

"ግድብ እየሠራን ነው። እኛው ነን፤ በገዛ ገንዘባችን።" ይህን ስል ደረቴ ሳይነፋ አልቀረም።

"ጥሩ" አሉ። "ሲያልቅ ታዲያ ለማን ነው አበባ የምታኖሩት?"

አፌን ያዘኝ። ማብሸቂያ አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት፤ መልስም እየጠበቁ ነበር። "ለሁላችንም" ልል ነበር፤ ለሁሉም የሚሆን አንገት ግን የለም። ጓደኛዬ "ይበቃል፣ ቡና እንጠጣ" ብሎ አዳነኝ።

ማታ ተኝቼ ሌላም ነገር መጣብኝ። አባቴ ወደ ደሴ ስንሄድ አንድ አሮጌ ድልድይ ባለፍን ቁጥር "ጣሊያን የሠራው ነው፤ ጣሊያን የሠራው አይነቃነቅም" ይላል። በአድናቆት ነው የሚለው። የገዛ አጎቱን ጣሊያን የገደለበት ሰው ነው። አበባ አያኖርም እንጂ እሱም በየመንገዱ ሰላምታ ይሰጣል። ታታጋሩን የወቀስኩበትን አፍ ለአባቴ አንድ ቀን አላነሳሁትም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ዶውሌሽዋራም ያለውን የኮተን ሙዚየም አሳየኝ። እኔ ስለ ሌላ ሰው ነበር የምጠይቀው፤ ድንጋዩን ስለተሸከመው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ ያህል ሰው እንደተሰማራ ይነገራል። ከነዚያ መሃል ጓደኛዬ በስም የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ቪናም ቪራና። የአገሩ ልጅ ነው፣ ሠራተኛውን ያሰባሰበና ከኮተን ጎን የሠራ። የሌሎቹን ማን ያውቃል? ላሊበላን አስታወስኩ። እኛማ ግንበኞቹን ከነጭራሹ ሰርዘን ሥራውን ለመላእክት ሰጥተናል።

## እትዬ

ከመመለሳችን በፊት አትሬያፑራም የሚባል መንደር ሄድን። የታወቀው በፑታሬኩሉ ነው፤ የወረቀት ጣፋጭ ልበለው።

አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ የተደፋ እንስራ የመሰለ ሸክላ አለ። በቀዳዳው የደረቀ የኮኮናት ቅጠል ትማግዳለች። አጠገቧ ውሃ የመሰለ የሩዝ ሊጥ። ነጭ ጨርቅ ሊጡ ውስጥ ትነክርና በሁለት እጇ ወጥራ የጋለው ሸክላ ላይ አንዴ ትጎትታታለች። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ከሸክላው ላይ አንድ ስስ ነገር ይላቀቃል። አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ ጣቶቼ በማዶ ይታያሉ። እንጀራ ዓይን አለው። ይሄ ዓይን የለውም፣ ክብደት የለውም፣ ምንም የለውም። ውስጡ ቅቤና ስኳር አድርገው ይጠቀልሉታል። የሚከፈላት በቁጥር ነው፤ በክረምት ደግሞ ሰው ማሳ ላይ የሩዝ ችግኝ ትተክላለች።

ጓደኛዬ "አካ" ይላታል። ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እትዬ በሉት። "እትዬ፣ ትናንት ለካተን ዶራ አበባ አኖሩ ወይ በላት" አልኩት።

እጇ ሳይቆም ሳቀች። "ውሃው የሄደው ወደ መሬት ነው" አለች። "እኛ መሬት መች ነበረን?"

ጨርቁን ነከረች። የባሏ ቅድመ አያት በመርከብ ራንጉን ሄዶ እንደቀረ ነገረችን። ከዚህ ዳርቻ ብዙ ድሃ ወደ በርማ ተሻግሯል፤ በርማ ውስጥ የቴሉጉ የቀን ሠራተኛ "ኮሪንጊ" ይባል ነበር፣ በወደቡ ስም። ሜዳው ሩዝ ሞልቶ ሰውየው እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለታታጋሩ የምመልሰው አገኘሁ ብዬ ነው። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

"እሱ ምን ያድርግ?" አለች። "መሬቱን ያከፋፈለው እሱ አይደል። ውሃው ባይኖር ደግሞ ሩዙም የለ፣ ይሄም ሥራ የለ።" ትከሻዋን ነቀነቀች። "አበባ ግን ውድ ነው።"

ጓደኛዬ ሊተረጉምልኝ ሲል ቃል ጠፋው። የእሱ ቤተሰብ ባለመሬት ነው። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ስለዚህ ግድቡ ሲመረቅ ያን ሁሉ ሰው አየሁ። ኢንጂነር ስመኘው በቀለን አስታወስኩ፤ አንገት ካስፈለገ ለሱ ነው ያኖርኩት። ከዚያ ስሙን የማላውቀው በያጅ፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ ምግብ አብሳይ። ከዚያ የምሰሶ መስመሩ በላይዋ አልፎ ቤቷ በኩራዝ የምታመሽ አንዲት እትዬ። ለጓደኛዬ "አለቀ" ብዬ ፎቶ ላክሁለት። አውራ ጣት መለሰልኝ፤ ቀጥሎም "ታታ ቢኖሩ ይጠይቁህ ነበር" አለኝ።

ያን ጊዜ እትዬ አንድ ካርቶን ፑታሬኩሉ ሰጠችን። ጓደኛዬ ብር ሲያወጣ እጁን መለሰችበት። እስከ ቪሻካፓትናም ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ባቡሩ ባንገጫገጨ ቁጥር በሁለት እጄ ደግፌ ወሰድኩት። ዶርም ገብተን ስንከፍተው ግማሹ ዱቄት ሆኗል። ሐበሾቹ ተሰበሰቡና በማንኪያ በላነው።